ከሰል ከእርሻችን ሥር፣ ጓዝ ከበራችን ኋላ

ጥር 19 ቀን 2017

ዛሬም አመድ ስመዝን ዋልኩ። ናሙናው መጣ፣ ፈጨሁት፣ አደረቅሁት፣ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፣ የቀረውን መዘንኩ። አመዱ ካነሰ ከሰሉ ጥሩ ነው፣ ከበዛ መጥፎ። ጂኦሎጂ ተምሬ የማውቀው ትልቁ ነገር ይኸው ሆነ።

አንዱን ድንጋይ ስሰነጥቀው ግን ቅጠል አገኘሁበት። ቅጠል ማለቴ የቅጠል ጥላ… ጅማቶቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ለቴዎ አሳየሁት። ቴዎ የማዕድኑ ዋና ጂኦሎጂስት ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አሶሳን ከማንጎዋ በቀር ምንም የማይወድላት። «ከእግራችን ሥር የተኛ ጫካ አለ፣ እኛ እየቀሰቀስን እናነድደዋለን» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስራመድ ቀስ ብዬ ነበር። የተኛን ሰው እንዳልቀሰቅስ ያህል።

ማታ ቤት ስደርስ አባባ የሁልጊዜ ጥያቄውን ጠየቀኝ።

«ዛሬስ ነደደ?»

«ነደደ አባባ።»

«ሸጋ!»

ወደ ውስጥ ስገባ እግሬን አነሳሁ። ጓዙን ለመሻገር። በሩ ኋላ፣ ደፉን እንዳለፉ፣ ጆንያ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ጓዝ አለ። ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እዚያው ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ጭነው ያመጧቸው የአምባችን ሽማግሌዎች ሁሉ እንዲህ አንድ አንድ አላቸው። አይፈቱትም። «ያመጣን መንግሥት አንድ ቀን ደግሞ ተነሱ ይለናል» ይላሉ። ውስጡ ምን እንዳለ አንድም ቀን አላየሁም።

ጥር 27

ስብሰባ ነበር። በእኛ ማንጎ ሥር፣ ጥላው ስለሚሰፋ።

የማዕድኑ ሥራ አስኪያጅ መጣና ብዙ አወራ። ከሰሉን ለሲሚንቶ ፋብሪካ ብቻ አንሸጥም፣ እዚሁ አንድደን መብራት እናመነጫለን አለ። ትንሽ ጣቢያ ይሠራል፣ አምባ ሃያ ሰባት ከሁሉ ቀድማ ታገኛለች። ከሰሉ ወደ ማሳችሁ ከዘለቀ ደግሞ ሌላ ቦታ እንሰጣችኋለን፣ የተሻለ ቤት…

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየ። ከአናታችን በላይ ከፍተኛው የመብራት መስመር ያልፋል። ልጅ ሆኜ ከሥሩ እየተኛሁ እዝዝታውን እሰማ ነበር። በላያችን ያልፋል እንጂ ለእኛ ወርዶ አያውቅም።

ጋሽ ዓብዱልላጢፍ ተነሱ። ጎረቤታችን ናቸው፣ የበርታ ሰው፣ እኛ ሳንመጣ እዚህ የነበሩ። «ያ ሙዲር፣ አንተ አለቃ፣ በፊት መብራት ውሃ ይሠራል አሉን። አሁን ድንጋይ ይሠራል አላችሁ። የቱ ነው እውነት?»

ሰው ሳቀ። ሥራ አስኪያጁም ሳቀ።

አባባ አልሳቀም። ዓይኑ ሽቦው ላይ ነበር።

የካቲት 4

የመሰርሰሪያው ማሽን ማሳችን ውስጥ ገባ። በማንጎዎቹ መሃል ቆሞ ሲንጓጓ ዋለ። ማንጎዎቹ አበባ ላይ ናቸው፣ በተንቀጠቀጡ ቁጥር አበባው በሠራተኞቹ ቆብ ላይ ይረግፋል። ቢጫ ቆብ፣ ቢጫ አበባ… እማዬ በሩ ላይ ቆማ «ሠርግ አስመሰሉት እኮ» አለች።

የካቲት 11

የእርሻችን ናሙና እኔ እጅ ገባ። ሌላ ማን ሊመዝነው?

አነደድኩት። የተወለድኩበትን መሬት ሆድ። አመዱ እፍኝ አይሞላም። እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ ጥሩው ከሰል ከማንጎዎቻችን ሥር ነው ያለው።

ቴዎ ወረቀቱን አገላብጦ አየ። ከዚያ «እንኳን ደስ አለሽ ልበልሽ ወይስ…» አለ። አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም።

የካቲት 12

ትናንት ማታ አባባ ሲጠይቀኝ ነገርኩት።

«የእኛው ነደደ?»

«ከሁሉ በላይ።»

ደስ አለው። እንዲህ ደስ ሲለው አይቼው አላውቅም። ለእማዬ፣ ከዚያ ለጋሽ ዓብዱልላጢፍ፣ ከዚያ ለበሬው ሁሉ የነገረ ይመስለኛል። የገዛ መሬቱ መብራት ሊሆን… እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያንን ቅጠል በሕልሜ አየሁት። አረንጓዴ ሆኖ ነበር፣ የማንጎ ቅጠል። እጄ ላይ እንዳስቀመጥኩት ጠቆረ።

መጋቢት 9

መጻፍ አልፈለግሁም። ቢሆንም ልጻፍ።

ከሥራ ስመለስ ከሩቅ ሰማይ በዛብኝ። ከቤታችን በላይ እንዲህ ያለ ሰማይ አልነበረም። ምን ጎደለ ብዬ እያሰብኩ መጣሁ… ማንጎዎቹ። ሁሉም። በጉልበት ልክ ተቆርጠው ወድቀዋል። ጥቃቅን አረንጓዴ ፍሬ መሬቱን ሸፍኖታል። አባባ ግንድ ላይ ተቀምጦ መጥረቢያውን ይስላል።

«አባባ! ማን ቁረጥ አለህ?»

«ማንም። እስኪሉኝ ለምን እጠብቃለሁ?»

ጮህኩበት። በሕይወቴ ጮሄበት አላውቅም። ውሳኔ አልመጣም፣ ደብዳቤ የለም፣ ገና ጥናት ነው አልኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ቀስ ብሎ ተናገረ። አባባ ሲያዝን ድምፁ የወሎ ይሆናል፣ ይለሰልሳል።

«ልጄዋ፣ ያኔ መኪናው ሲመጣ ጓዙን ቀድሞ ያሰረ ሰው ቀድሞ ተጫነ። እዚህም ሲደርስ ከጉብታው ላይ ቤት አገኘ። እኔ ዘገየሁ። ከብቴ አሳዘነችኝ፣ ደጄ አሳዘነኝ፣ ስዞር ስዞር የመጨረሻው መኪና ላይ ወጣሁ። ለመጨረሻዎቹ የተረፈው የረግረጉ ዳር ነው። እህትሽን ወባ የበላት እዚያ ነው።»

እህቴ… ሰንበቴ። ስሟን በዓመት አንዴ ነው የምንጠራው።

«ዛፍ ያለው ሰው ሆዱ ይባባል፣ ይዘገያል። ሁለተኛ አልዘገይም።»

ምን ይባላል?

መጋቢት 10

እማዬ አባባን አታነጋግረውም። ወጥ ታቀርብለታለች፣ ጨው ታቀርብለታለች፣ ቃል ግን የለም። ያን ሁሉ ጥሬ ማንጎ በጆንያ ለቅማ ጨርሳ ተቀመጠችና «ይህን ለማን ልስጥ?» አለች። ለራሷ ነው ያለችው።

ጋሽ ዓብዱልላጢፍ መጡ። የመጀመሪያውን የማንጎ ፍሬ እንዲተክለው ለአባባ የሰጡት እሳቸው ነበሩ። ከቀትር በኋላ የሚያርፉትም ከሥሩ ነበር። አሁን ጉቶው ላይ ተቀመጡ፣ ፀሐዩ አናታቸው ላይ። አልተቆጡም። ሻሻቸውን ከአንገታቸው አውልቀው አናታቸው ላይ ጣሉና አረፉ። እንደ ልማዳቸው።

መጋቢት 28

አባባ ቆርቆሮውን አወረደ። «እኔ ካላወረድኩት ዶዘር ይጨፈልቀዋል።» ምስማሩን ሁሉ አቃንቶ ጣሳ ውስጥ ሰበሰበ። ቤታችን አናቱ የለም። ማጀቷ ላይ ሸራ ወጥረን ሦስታችንም እዚያ ነን። ጓዙም ከእኛ ጋር መጣ፣ በር ኋላ። እዚህም እግር እናነሳለን።

ተኝቼ በሸራው ቀዳዳ ደመና አያለሁ። ከእኛ ሥር ጫካ፣ ከእኛ በላይ ሽቦ፣ መሃል ላይ ሦስት ሰውና አንድ ጓዝ።

ሚያዝያ 30

ዝናብ።

ግንቦት 22

መንገዱ ጭቃ ሆኗል። የከሰል መኪኖቹ ቁልቁለቱ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፣ ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ካርታ ይጫወታሉ። ያልተጫነው ከሰል ግቢው ውስጥ ተራራ ሆነ። ዛሬ ደግሞ ያ ተራራ መጤስ ጀመረ። ማንም እሳት አልለኮሰበትም። ብዙ ተቆልሎ ሲቆይ ከውስጡ ራሱ ይግላል፣ ራሱ ይነድዳል። ዝናብ ከላይ ይወርዳል፣ ጭስ ከሥር ይወጣል… ውብ ነበር፣ ምን ይደረግ። በአካፋ ስንበትን ዋልን።

የሲሚንቶ ፋብሪካው ቆጥቦ መግዛት ጀምሯል አሉ። የቡና ገለባና የሰሊጥ ጭራሮ ከከሰሉ ጋር ቀላቅሎ ያነድዳል። ቴዎ «ገለባ አሸነፈን» ይላል። እየቀለደ አይመስለኝም።

ሰኔ 14

ቴዎ ወደ ላብራቶሪ መጣና በሩን ዘጋ።

የከሰል መብራት ጣቢያው ቀረ። ወደ ማሳችን የሚደረገው ቁፋሮም አብሮ ቀረ።

«ለምን?» አልኩት።

«የቱን ልንገርሽ? ለከሰል ጣቢያ የሚያበድር ሰው ጠፋ። ከሰል ሲባል ፊታቸውን ያዞራሉ። ደግሞ ግድቡ ሊያልቅ ነው። እዚሁ ጉባ ላይ ያ ሁሉ ውሃ እያለ ማን ድንጋይ አንድዶ መብራት ይሠራል?»

«ከሰሉ ግን ጥሩ ነበር።»

«በጣም ጥሩ ነበር።»

መስኮቱን አየሁ። ጥሩነቱ ምን አደረገለት? ማንጎዎቹም ጥሩ ነበሩ።

አሁን ለአባባ እንዴት ነው የምነግረው?

ሰኔ 15

ነገርኩት። ሸራው ያንጠባጥብ ነበር፣ እማዬ ድስት ከሥሩ አድርጋ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ከላይ እስከ ታች። አይመጡም አባባ፣ አንነሳም፣ እዚሁ ነን።

ሰማኝ። ጓዙን ከጠብታው ትንሽ ፈቀቅ አደረገ።

«እሺ። እስኪመጡ እጠብቃለሁ።»

«አይመጡም እያልኩህ ነው!»

«ያኔም አይመጡም ተብሎ ነበር።»

እማዬ ከመጋቢት ጀምሮ ለአባባ የመጀመሪያዋን ቃል ያኔ ተናገረች፣ በስሙ ጠርታ። «ቸሩ፣ አንተ ሰውየ፣ እርጥበቱ ገደለኝ» አለችው። ዞር ብሎ አያት። ያመነኝ ይመስለኛል። ማመኑ ነው የከበደው። ካመነ ማንጎዎቹ በከንቱ ተቆረጡ ማለት ነው… እሱን ለራሱ ከሚነግር መኪና ቢጠብቅ ይቀለዋል።

ሐምሌ 20

እማዬ ታስላለች። አባባን ጣራውን እንመልሰው ስንለው «ዳግመኛ ማውረድ ይመጣል» ይላል። ተናድጄበታለሁ። ቀን ቀን እናደዳለሁ፣ ማታ ሸራውን ከአናቷ በላይ ሲወጥርላት ሳየው ይበርድልኛል።

ጳጉሜ 4

ግድቡ ተመረቀ!

ሬዲዮኑን ጉቶው ላይ አስቀምጠን ሰማን። ሕዝቡ ሲጮህ፣ ውሃው ሲጮህ… የቱ የውሃው የቱ የሰው እንደሆነ አይለይም። አለቀስኩ። ለምን እንደማለቅስ አላወቅሁም፣ ደስታ ነው። እማዬ እያሳላት እልል አለች። ከዚያ ወደ ኩራዟ አየችና «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» አለች፣ ሁላችንም ሳቅን።

ጋሽ ዓብዱልላጢፍ ደስታቸው የብቻቸው ነው። «ወላሂ እኔ መብራት ውሃ ነው አላልኩም? ሙዲር ሳቀ። አሁን ማን ይስቃል?»

አባባም ፈገግ አለ። ትንሽ።

መስከረም 24 ቀን 2018

ማዕድኑ ሥራ አቆመ። «ለጊዜው» ይላል ማስታወቂያው። ምድጃዬን አጥፍቼ፣ ሚዛኔን ሸፍኜ ወጣሁ። ቅጠሉ ያለበትን ድንጋይ ያዝኩት። ሌባ ካሉኝ ይበሉኝ።

ቴዎም ተሰናበተኝ። «አንዱ ብቻ ቢሆን እንችለው ነበር» አለ። «መንገዱ ብቻ ቢሆን፣ ናፍጣው ብቻ፣ ገለባው ብቻ… ሁሉም ባንድ ላይ መጡ። ሲሚንቶ እስካለ ድረስ አንድ ቀን ይመለሱ ይሆናል። ለመብራት ግን አይመስለኝም።»

ይመለሱ ይሆናል… ይህን ለአባባ አልነግረውም። በቃ፣ አልነግረውም።

ጥቅምት 18

ምሰሶ መጣ! የእንጨት ምሰሶ በመኪና፣ ገመድ በጥቅል። ከግድቡ ነው፣ ከሌላ ነው፣ ማን ያውቃል። ብቻ ወደ አምባችን ነው። ልጆች ከመኪናው ኋላ፣ ሽማግሌዎች ከልጆቹ ኋላ። እኔም ሮጥኩ፣ ሳላፍር።

ጥቅምት 25

ቆጣሪ የሚሰቅሉት ሰዎች ቤታችን ደረሱ። ኃላፊዋ ጋዲሴ የምትባል የባምባሲ ልጅ ናት፣ ቀበቶዋ ላይ ፒንሳ የሰካች። ግድግዳውን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ወደ አባባ ዞረች።

«አባኮ፣ እዚህ ሰው አለ?»

«አለን» አለች እማዬ ከማጀቷ።

«ጣራ የሌለው ቤት ላይ ቆጣሪ አንሰቅልም። ዝናብ ይገባበታል፣ ሰው ይገድላል። አምባውን ሳንጨርስ ካለበሳችሁት እንመለሳለን። ከሄድን ግን መቼ እንደምንመጣ አላውቅም።»

አባባ ጓዙ ላይ ተቀምጦ ነበር። አባይ ሞልቶ ቢመጣ የሚነሳ አይመስልም። እማዬ አየችው። እኔ አየሁት። «ለመብራት ብዬ ልሥራና ደግሞ ላፍርስ…» አለ።

ጥቅምት 26

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳ።

ጠዋት ጋሽ ዓብዱልላጢፍ ቀርከሃ ተሸክመው መጡ። ከኋላቸው ልጃቸው ጀዕፈር፣ ከኋላው የአምባው ሰው። ደቦ ማን እንደጠራ አላውቅም። ቀርከሃውን አወረዱና አባባ ፊት ቆሙ።

«ያ ቸሩ፣ ቆርቆሮ የት ነው?»

«እባክህ ተወኝ፣ ሁለተኛ አልተክልም። ያስነሱኛል።»

«እኔንስ?» አሉ። ተቆጥተው አላየኋቸውም ነበር እስከ ዛሬ። «አንተ መኪና ላይ መጣህ። መሬት ሰጡህ። የማን መሬት? የኔ ነው የሰጡህ። የአባቴ የማሽላ ማሳ ነው፣ አንተ የተቀመጥክ። እኔ ተነሳሁ። ማንም መኪና አልሰጠኝም፣ እዚያ ማዶ ሄድኩ። ጓዝ አሰርኩ? አላሰርኩም። የማንጎ ፍሬ ሰጠሁህ። ለምን ሰጠሁህ? ቶሎ እንድትሄድ?»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ በዚያ ማንጎ ሥር አድጌያለሁ፣ አላውቅም ነበር።

አባባ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ተነሳ… ከጓዙ ላይ ተነሳ። ወደ ማጀቷ ኋላ ሄዶ አንድ ቆርቆሮ ተሸክሞ መጣ፣ ለጀዕፈር አቀበለው። ሌላ ለማምጣት ሲመለስ እያለቀሰ ነበር፣ አልደበቀውም።

ምስማሩን ራሱ ያዘ። አንድ በአንድ ያቀብል ነበር። ሲጨርሱ ከጉቶው ላይ ሆኖ ጣራውን አየና «ያቺ ሦስተኛዋ ትጣመማለች» አለ። ጀዕፈር ወርዶ የነበረው ተመልሶ ወጣ።

ኅዳር 2

ጋዲሴ ተመለሰች። ቆጣሪው ተሰቀለ። አመሻሽ ላይ፣ ገና ሰማዩ ቀይ ሳለ፣ አምፖሉ በራ።

እማዬ እልል አላለችም። ቆማ እጇን አገላብጣ አየች፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «ጥፍሬ እንዲህ ሆኗል?» አለች።

አባባ ወደ እኔ ዞረ። «ዛሬስ ነደደ?» አለኝ።

«አልነደደም አባባ። ምንም ሳይነድድ ነው።»

ይህን ብዙ አሰበበት።

ታኅሣሥ 11

የጉቶዎቹ ጎን ቀንበጥ አውጥቷል። እማዬ ፍየል እንዳይበላው እሾህ ከበበችበት። ፍሬው ለማን እንደሚደርስ እንጃ።

ግድቡ አጠገብ፣ ማንኩሽ፣ የውሃ ናሙና የሚወስድ ሰው ይፈለጋል አሉ። አመለከትኩ። ከሰል እመዝን ነበር፣ ውሃ ልመዝን… ትንሽ ያስቀኛል።

ጥር 16

ተቀበሉኝ። ዛሬ መንገድ ጀመርኩ። ጠዋት ሻንጣዬን ስዘጋ ዚፑ እምቢ አለ።

«አባባ፣ ገመድ አለ?»

«ገመዱ ሥራ ላይ ነው፣ ሌላ ፈልጊ» አለኝ።

ምን ሥራ? ወጣሁ። ከቤቱ ማዕዘን እስከ ጉቶው አጠገብ እስከተተከለ ቀርከሃ ድረስ ገመድ ተወጥሯል። አውቀዋለሁ ያንን ገመድ። የአባባ ጋቢ፣ የእማዬ ነጠላ፣ የእኔ ሱሪ ተሰጥቶበታል። ዳር ላይ ደግሞ አይቼው የማላውቅ ግራጫ ብርድ ልብስ፣ ለረጅም ጊዜ የታጠፈበት መስመር ገና ያልለቀቀው። አጠገቡ አንዲት ትንሽዬ የልጅ ቀሚስ።

«የሰንበቴ ናት» አለች እማዬ። «ትናንት ፈታው። ፀሐይ ትምታው አለ።»

ቆሜ አየኋት። ነፋስ ሲመጣ እጅጌዋ ይነሳል። አባባ ምንም አልሆነም፣ ከጉቶው ሥር አረም ይነቅላል።

ከቀትር በኋላ ጋሽ ዓብዱልላጢፍ ሊሰናበቱኝ መጡ። ከደፉ ሲገቡ እግራቸውን ከፍ አድርገው አነሱ፣ እንደ ድሮው። ከዚያ ቆሙ፣ ወደ ታች አዩ። በሩ ኋላ ምንም የለም፣ የተጠረገ መሬት ብቻ ነው። ሳቅን። ኋላ እማዬ ውሃ ይዛ ስትገባ እግሯን አነሳች። አባባም ሲገባ አነሳ፣ እኛ እያየነው፣ እየሳቀብን።

እኔም ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ልብ ብዬ ነበር፣ አላነሳም ብዬ። አነሳሁ።